የሀበሻ ማኅበረሰብ የደም ልገሳ ቀን፦ ሰው መጥቶ ለምን ይመለሳል? ቀኑስ መቼ ይሁን?

የሰንበት_ተማሪ (ሜሪላንድ)

ሰላም ለሁላችሁ። የደብራችን ሰንበት ትምህርት ቤት ከአካባቢው የኢትዮጵያውያን ማኅበር ጋር ሆኖ በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ የደም ልገሳ ቀን ሊያዘጋጅ ነው። ደም ሰብሳቢው ድርጅት አዳራሹንና መኪና ማቆሚያውን አይቶ ተስማምቷል። ሰበካ ጉባኤውም ፈቅዷል። የቀረን ቀን መቁረጥና ሰው ማምጣት ነው። ሰው የሚገኘው ያኔ ስለሆነ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ማርች ላይ ብናደርገው ብለናል።

የምንጠይቃችሁ ይህን ነው። ከአገር ቤት የመጣ ሰው በወባ ምክንያት ይመለሳል ይባላል፤ የሚመለሰው ማን ነው? ለስንት ጊዜስ? የሚጾም ሰው መስጠት ይችላል? «ደማችንን ወስደው ይደፉታል»፣ «ወረቀት የሌለው ቢሄድ ይያዛል» ለሚለው ወሬስ ምን መልስ እንስጥ? አንዳንዶቻችን ደግሞ ፖስተሩ ላይ «ነፃ የኤችአይቪና የጉበት ምርመራ» ብለን ብንጽፍ ሰው ይመጣል የሚል ሐሳብ አንስተናል።

ደም_ቀጂ (ቨርጂኒያ)

እሑድም ማርችም አይሆኑላችሁም። በር ላይ ብዙ ሰው የሚመልሰው ወባ ስለሆነ ከሱ ልጀምር።

ኤፍዲኤ (የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ተቆጣጣሪ) በ2020 ያሻሻለው መመሪያ ወባ ባለበት አገር የኖረውንና ለጉብኝት የሄደውን ለይቶ ነው የሚያየው። ወባ ባለበት አገር 5 ዓመትና ከዚያ በላይ በተከታታይ የኖረ ሰው ነዋሪ ነው፤ ከዚያ ከወጣ በኋላ 3 ዓመት ይጠብቃል። እዚህ ላይ የሚታየው አገሩ እንጂ ከተማው አይደለም። ሰውየው አራት ኪሎ ተወልዶ አድጎ ወባ የሚባል ነገር በዓይኑ አይቶ ባያውቅም ኢትዮጵያ ውስጥ ወባ ያለባቸው ቦታዎች ስላሉ 3 ዓመቱን ይጠብቃል። በሱዳን ወይም በኬንያ ካምፕ በኩል የመጣ ሰው ደግሞ ቆጠራው የሚጀምርለት አዲስ አበባን ከለቀቀበት ሳይሆን ካምፑን ለቆ ከወጣበት ቀን ነው፤ እነዚያም ወባ ያለባቸው አገሮች ናቸውና።

አሜሪካ 3 ዓመት በተከታታይ ኖሮ አገር ቤት ደርሶ የመጣ ሰው ግን የሚጠብቀው 3 ወር ብቻ ነው፤ እሱም ወባ ያለበት አካባቢ ከ24 ሰዓት በላይ ከቆየ። ሲዲሲ (የአሜሪካ የበሽታ መከላከያ ማዕከል) ለኢትዮጵያ ያወጣው መግለጫ ከ2,500 ሜትር ከፍታ በታች ያለውን ቦታ ሁሉ ወባ አለበት ሲል አዲስ አበባን ነጥሎ ያወጣታል። ስለዚህ አዲስ አበባ ሰንብቶ በቀጥታ የተመለሰ ሰው በዚህ ምክንያት አይከለከልም። ለጥምቀት ጎንደር የሄደ፣ ሐዋሳ ወይም ባሕር ዳር የሰነበተ ይጠብቃል። ቢሾፍቱ ምሳ በልቶ የተመለሰና ቅዳሜና እሑድን እዚያው ሪዞርት ያሳለፈም እኩል አይታዩም። ነርሷ «የት የት ሄደሃል?» ስትል «ኢትዮጵያ» ብሎ ዝም የሚል ሰው ነው አብዛኛውን ጊዜ ሳያስፈልግ የሚመለሰው። ያደረባቸውን ከተሞችና የተመለሰበትን ቀን ጽፎ ይምጣ።

አንድ ወጥመድ አለ። ከመጣ 3 ዓመት ያልሞላው ሰው በመሃል አገር ቤት ሄዶ ወባ ያለበት ቦታ ከቆየ 3 ወር አይደለም የሚባለው፤ 3 ዓመቱ እንደገና ከዜሮ ይጀምርበታል። ወባ ታሞ የዳነም ምልክቱ ከጠፋለት 3 ዓመት ሊሞላው ይገባል። አንዳንድ ደም ባንክ ከኤፍዲኤ ይበልጥ ሊያጠብቅ ስለሚችል የእናንተውን ድርጅት መመሪያውን በጽሑፍ ጠይቁት።

አሁን ቀኑን ከዚህ ጋር አያይዙት። የእኛ ሰው ለገናና ለጥምቀት ሄዶ በጃንዋሪ መጨረሻ ይመለሳል፤ 3 ወሩ የሚሞላለት በኤፕሪል መጨረሻ ነው። ማርች ላይ ብታደርጉት አገር ቤት ወባ ያለበት ቦታ ሰንብቶ የተመለሰውን ሁሉ ታጣላችሁ፤ የመጣውም በዐቢይ ጾም ውስጥ ነው። በክረምት ልጆቹን ይዞ የሄደው በኦገስት ተመልሶ 3 ወሩን በኖቬምበር ይጨርስና ጾመ ነቢያት ይገባበታል። የሚሻለው በዓለ ሃምሳ ነው። ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ረቡዕና ዓርብ እንኳ አይጾምም፤ የጃንዋሪው መንገደኛ ጊዜው ሞልቶለታል፣ የክረምቱም ገና አልተነሳም። ፋሲካ ቀደም ብሎ በሚውልበት ዓመት ወደ ሃምሳው መጨረሻ ግፉት።

ወለተ_ማርያም (ዴንቨር)

በዓለ ሃምሳ የሚለው ሐሳብ ጥሩ ነው፤ ግን ያኔም ቢሆን እሑድ ጠዋት አታድርጉት።

ቅዳሴ የሚያስቀድስ ሰው ከሌሊት ጀምሮ እህልም ውኃም አልቀመሰም። ከቅዳሴ ወጥቶ፣ ጠበል ቀምሶ፣ ግማሽ ዳቦ ጎርሶ ወንበሩ ላይ ቢወጣ ግማሽ ሊትር ገደማ ደም ሲቀዳለት ራሱን ይስታል። አንድ ሰው አዳራሽ መሃል ሲወድቅ ተራ የሚጠብቁት ሃያ ሰዎች ኮታቸውን አንስተው ይሄዳሉ። ከመስጠቱ በፊት ባሉት ሰዓታት ደህና ምግብ በልቶ፣ ግማሽ ሊትር ያህል ውኃ ጨምሮ ጠጥቶ መምጣት አለበት።

ከዚህ የሚበልጠው የቆራቢው ነገር ነው። ሥጋ ወደሙ የተቀበለ ሰው በዚያ ቀን ደም እንዳይፈሰው የሚጠነቀቅ መሆኑን ታውቃላችሁ። ደም ቀጂዎቹ ይህን አያውቁም፤ «እኛ ቤተ ክርስቲያን ድረስ መጥተን ምእመኑ ለምን ይሸሻል?» ይላሉ። በደህና ጊዜ ነግራችሁ ቀኑን ቅዳሜ ብታደርጉት ጣጣ የለውም። ቅዳሜ ሰጥቶ እሑድ መቁረብ የሚያስብ ሰው የንስሐ አባቱን አስቀድሞ ይጠይቅ፤ አዘጋጆቹ ከራሳችሁ መልስ አትስጡት። አንድ ካህን ሁለት እሑድ ከስብከት በኋላ ሦስት ደቂቃ ቢናገሩ ከመቶ ፖስተር ይበልጣል።

የግድ በጾም ከሆነባችሁ ደግሞ የመክሰስ ጠረጴዛውን ራሳችሁ ያዙት። ድርጅቱ ይዞት የሚመጣው ብስኩትና አይብ ያለበት ክራከር ነው፤ ወተት፣ ቅቤ፣ እንቁላል አለበት። የሚጾመው ሰው አመሰግናለሁ ብሎ ሳይቀምስ ይነሳና መኪናው ጋ ሲደርስ ያዞረዋል። የጾም ዳቦ፣ ለውዝ ያለበት ቆሎ፣ ሙዝ፣ ብርቱካን፣ ጭማቂ አቅርቡ፤ ጨው ያለው ነገር ይኑርበት። ሙስሊም ወንድሞችና እህቶችም ማኅበሩ ውስጥ አሉና ረመዳንን በካላንደሩ ላይ እዩ።

ሴቶቻችንን የሚመልሰው የሄሞግሎቢን (ደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው፣ ብረት ያለበት ነገር) ማነስ ነው። ከጣት ጫፍ ወግተው ያያሉ፤ በዴሲሊትር ለሴት 12.5፣ ለወንድ 13.0 ግራም ካልሞላ አይቀዱም። «እኛ ጤፍ እንበላለን፣ ብረት ሞልቶናል» የሚለው አጉል መተማመኛ ነው። ከጤፍ ጋር የሚለካው ብረት ከፊሉ የአውድማ አፈር ነው፣ የቀረውንም ሰውነት በቀላሉ አይስበውም። ሊጡ መቦካቱ ይረዳል፤ ምስሩ ላይ ሎሚ መጭመቅ፣ ከጎኑ ቃሪያና ቲማቲም መብላትም ይረዳል። ቡናና ሻይ ግን ምግቡ ላይ ከተከተሉ ብረቱን ይይዙታልና ቢያንስ አንድ ሰዓት ቆይተው ይጠጡ። አንድ ጊዜ መስጠት ከ200 እስከ 250 ሚሊግራም ብረት ይወስዳል። ቀይ መስቀል ከሰጡ በኋላ ለ60 ቀን 18 ሚሊግራም ብረት ያለው መልቲቫይታሚን በየቀኑ እንዲወሰድ ይመክራል። በየ56 ቀኑ መስጠት ቢፈቀድም ወር አበባ የምታይና የምትጾም ሴት በዚያ ፍጥነት ባትሰጥ ይሻላታል።

ላብ_ቤት (ሚኔሶታ)

ስለ ፖስተሩ ብቻ። «ነፃ የኤችአይቪ ምርመራ» የሚለውን አጥፉት።

ቫይረሱ በገባባቸው የመጀመሪያ ቀናት የትኛውም መሣሪያ አያገኘውም። ራሱን የተጠራጠረ ሰው ለመመርመር ብሎ ደም ሲሰጥ በእነዚያ ቀናት ከሆነ ያ ደም አልፎ ሕመምተኛ ዘንድ ሊደርስ ይችላል። ደም ባንኩም በጥያቄ ወረቀቱና በንባብ ጽሑፉ ላይ ለመመርመር ብላችሁ አትስጡ ይላል። መመርመር የሚፈልግ ሰው የሚሄድበትን ክሊኒክ ለብቻው በሌላ ወረቀት አስተዋውቁለት።

ስለ ጉበት ቫይረስ ቢ ግን አስቀድማችሁ ተናገሩ፤ አገራችን ውስጥ የተለመደ ነው። ደም ባንኩ ቫይረሱን ብቻ ሳይሆን ኮር አንቲቦዲ የሚባለውን፣ ሰውነት ቫይረሱን ሲታገል የሚያበጀውንም ይመረምራል። በልጅነቱ ተይዞ ሳያውቀው የዳነ ሰው ይህ አንቲቦዲ ዕድሜ ልኩን ይኖርበታል። ሰውየው ጤነኛ ነው፤ ደሙ ግን አይወሰድም፤ ከአንድ ጊዜ በላይ ከታየበት ከለጋሽነት ይታገዳል። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ደብዳቤ ቤቱ ይመጣለታል፤ «ሄፓታይተስ» የሚለውን ቃል ብቻ ያነብና ይደነግጣል፣ ወይም ደብዳቤውን የሚከፍተው ሌላ ሰው ይሆናል። ከዚያ በኋላ «ደም ሰጥቼ በሽታ አገኙብኝ» የሚለው ወሬ በቴሌግራም ግሩፑ ይዞራል።

ምዝገባው ላይ ለሁሉም ይነገር፦ ደብዳቤ ከመጣ በጭንቀት አትቀመጡ፣ ወደ ሐኪማችሁ ይዛችሁት ሂዱ፣ ሦስቱን የሄፓታይተስ ቢ ምርመራዎች አንድ ላይ አሠሩ፦ የቫይረሱን አንቲጅን፣ የመከላከያውን አንቲቦዲ፣ ኮር አንቲቦዲውን። የኮር ውጤቱ በስህተት የሚታይበትም ጊዜ አለ፤ ሦስቱ ጎን ለጎን ሲነበቡ ይለያል። አንቲጅኑ ካለ ክትትል ይጀመራል፤ የቤተሰቡ አባላትም ተመርምረው ያልተያዙት ይከተባሉ። ውጤቱን አዘጋጆቹ አያዩትም። እናንተም «ደብዳቤ መጣልህ ወይ?» ብላችሁ ማንንም አትጠይቁ።

ሌላ ደግሞ፣ ስንመጣ የቲቢ የቆዳ ወይም የደም ምርመራ ታይቶብን ክኒን የምንወስድ ብዙ ነን። ምርመራው ፖዘቲቭ መሆኑ ብቻውን አይከለክልም፤ ክኒኑን እየወሰደ ያለ ሰው ግን እስኪጨርስ ይጠብቃል። ግፊትና ስኳር ያለበት ሰው ራሱን ከዝርዝሩ አያውጣ። ግፊቱ በዕለቱ ከ180/100 በታች ከሆነና ስኳሩ በመድኃኒት ከተያዘለት መስጠት ይችላል።

ናታንያ_ሰፈር (እስራኤል)

«ደማችንን ይደፉታል» የሚለውን ወሬ እንደ ተረት አትመልሱት። እኛ ጋ በእውነት ሆኗል።

በ1996 ጃንዋሪ ማአሪቭ ጋዜጣ እንዳወጣው ማጌን ዳቪድ አዶም (የእስራኤል የአምቡላንስና የደም አገልግሎት) ከቤተ እስራኤል የሚሰጠውን ደም ለዓመታት በአክብሮት እየተቀበለ፣ ለጋሹ ሳያውቅ ሲደፋ ኖሯል። ምክንያቱ የኤችአይቪ ፍርሃት ነበር፤ የሚደፋው ግን የእያንዳንዱ ሰው ደም ተመርምሮ ሳይሆን ሰጪው የመጣበት አገር ታይቶ ነው። በዚያው ወር በ28 ኢየሩሳሌም ውስጥ ከጠቅላይ ሚኒስትሩ ጽሕፈት ቤት ፊት ወደ አሥር ሺህ የሚጠጋ ሰው ወጣ፤ ፖሊስ አስለቃሽ ጭስና የውኃ መድፍ ተጠቀመ። ጉዳዩን እንዲያጣራ በቀድሞው ፕሬዚዳንት ይስሐቅ ናቮን የሚመራ ኮሚቴ ተቋቋመ። በ2013 ዲሴምበር ደግሞ የክኔሴት አባሏ ፕኒና ታማኖ ሻታ እዚያው ምክር ቤቱ ግቢ ደም ልትሰጥ ብትሄድ በመመሪያው መሠረት አይወሰድም ተባለች፤ ስትከራከር ይወሰዳል፣ ግን በረዶ ቤት ይቀመጣል እንጂ ጥቅም ላይ አይውልም አሏት። በ3 ዓመቷ የመጣች ሴት ናት። ቪዲዮው አገሩን አዳረሰ። ገደቡ የተነሳው ከዚያ በኋላ ነው።

ሰውን ያቃጠለው መከልከሉ ሳይሆን መታለሉ ነው። «አንተ 3 ዓመት ጠብቅ» ተብሎ በግልጽ የተነገረው ሰው ቅር ይለው ይሆናል እንጂ አይዋረድም። ፈገግ ብለው ተቀብለውት ኋላ የደፉበት ግን ለልጁም ይነግራል። ስለዚህ ደም ባንኩን በጽሑፍ ጠይቁትና መልሱን በአማርኛ ለጥፉት፦ ከተቀዳ በኋላ የትኛው ደም ይወገዳል? ለለጋሹስ ይነገረዋል? እናንተ አገር ያለው የቀይ መስቀል የለጋሾች አፕ ደሙ ወደ ሆስፒታል ሲላክ መልእክት ይልካል፤ ሰው ስልኩን አውጥቶ ለጎረቤቱ ያሳያል፣ ከዚያ በኋላ ክርክር የለም።

የሰንበት_ተማሪ (ሜሪላንድ)

እግዚአብሔር ይስጥልን። ቅዳሜ፣ በበዓለ ሃምሳ ውስጥ አድርገነዋል። ሁለት ነገር ቀረን። መታወቂያና ቋንቋ እንዴት ይሁን? ፖስተሩ ላይስ «የእኛ ደም ለምን ያስፈልጋል» ለሚለው ምን እንጻፍ? «ለወገንህ ስጥ» እንበል?

ደም_ቀጂ (ቨርጂኒያ)

ስለ ወረቀት፦ አሜሪካ ውስጥ ደም ለመስጠት ዜግነትም ግሪን ካርድም አይጠየቅም። የሚፈለገው ማንነትን የሚያሳይ መታወቂያ ነው፤ መንጃ ፈቃድ ወይም ፓስፖርት ይበቃል። ፖስተሩ ላይ «የመኖሪያ ፈቃድ አንጠይቅም» ብላችሁ በትልቁ ጻፉት።

የምዝገባው ጠረጴዛ ላይ የሚያስቸግረው ስም ነው። አንዱ ተስፋዬን በሁለት ኤስ፣ ሌላ ቀን በአንድ ኤስ ያስመዘግባል፤ የአባቱን ስም አንዴ መሃል፣ አንዴ መጨረሻ ያደርገዋል። ልደቱ ጃንዋሪ 1 የሆነ ሰው ደግሞ ሞልቷል። በዚህ ምክንያት አንድ ሰው ሁለት ለጋሽ ሆኖ ይመዘገብና የቀድሞ መዝገቡ አይገኝም። ቀጠሮ ስትይዙለት መታወቂያው ላይ እንዳለው ፊደል በፊደል ገልብጡ። ሰዓቱንም «ጠዋት 3 ሰዓት» ብላችሁ አትተዉት፤ 9 ኤኤም ብላችሁ በጎኑ ጻፉበት፣ ከአገር ቤት ገና የመጣውና እዚህ የኖረው እኩል አይረዱትም።

ቋንቋ ትልቁ ችግር ነው። ጥያቄዎቹ ስለ ግብረ ሥጋም ስለሚያነሱ ልጅ ለእናቱ፣ ሚስት ለባሏ ማስተርጎም የለባትም፤ እውነተኛ መልስ አይገኝም። ደም ባንኩ በስልክ አስተርጓሚ ያቀርብ እንደሆነ፣ ካልሆነም ከቤተሰብ ውጭ የሆነ ሰው ይፈቅድ እንደሆነ ከወር በፊት ጠይቁ። እንግሊዝኛ የሚያነቡት የቀይ መስቀልን ራፒድፓስ (በኢንተርኔት የሚሞላ የጥያቄ ቅጽ) ቤታቸው ሆነው ይሙሉ፤ የሚሠራው ግን በዕለቱ ብቻ ነው፣ ዋዜማ የሞላ እንደገና ይሞላል።

ቀጠሮ ሲያዝ ለእያንዳንዱ ሰው የአማርኛ ወረቀት ይሰጠው፤ ለራሱ የሚያየው እንጂ ለእናንተ የሚመልሰው አይደለም። ከኢትዮጵያ፣ ከኬንያ ወይም ከሱዳን መቼ ወጣህ? በዚህ 3 ወር የት ሄደህ ነበር? 110 ፓውንድ ትሞላለህ? 17 ዓመት ሞልቶሃል? የቲቢ ክኒን ወይም አንቲባዮቲክ እየወሰድክ ነው? ከዚህ በፊት አትስጥ ተብለህ ታውቃለህ? የመጨረሻው አስፈላጊ ነው፤ እንግሊዝ አገር፣ ፈረንሳይ ወይም ሌላ የአውሮፓ አገር ኖረህ ስለነበር ተብሎ የተመለሰ ሰው ያ ገደብ (ለእንግሊዝና ለፈረንሳይ በ2022፣ ለሌላው አውሮፓ በ2020) ተነስቶለታል። ስሙ ግን ከእገዳ መዝገቡ እንዲወጣ አስቀድሞ መደወል ይኖርበታል።

«ለወገንህ ስጥ» የሚለውን አልወደውም፤ ትክክልም አይደለም። አገር ቤት ብዙዎቻችን ደም መስጠትን የምናውቀው ዘመድ ሆስፒታል ሲገባ ምትክ አምጡ ሲባል ነው። እዚህ ምትክ አምጣ የሚል የለም፤ ስለዚህ ሰው ያልተጠየቀ መስሎት ይቀመጣል። ይልቅ እውነቱን ጻፉ። ሲክል ሴል የሚባለው በዘር የሚተላለፍ የደም በሽታ ያለባቸው ሕመምተኞች፣ አሜሪካ ውስጥ 100,000 ያህል ናቸው፣ ደም ደጋግመው ስለሚወስዱ ኤ፣ ቢ፣ ኦ መግጠሙ ብቻ አይበቃቸውም፤ ሲ፣ ኢ እና ኬል የሚባሉት የቀይ ደም ሴል ምልክቶችም ካልገጠሙ ሰውነታቸው አንቲቦዲ ያበጅና የሚቀጥለውን ደም ይሰብረዋል። የሚገጥመው ደም በብዛት የሚገኘው አፍሪካዊ ዘር ካላቸው ለጋሾች ነው። በሽታው በደገኛው ሕዝባችን ብዙም አይታይም፤ ስለዚህ የሚታከሙት በአብዛኛው የምዕራብ አፍሪካና የጥቁር አሜሪካውያን ልጆች ናቸው። የእኛ ሰው ሁሉ ይገጥማል ማለትም አይደለም፤ ተመርምሮ ነው የሚታወቀው። ቅጹ ላይ ዘር የሚለውን ሳጥን ባዶ አትተዉ፤ የትኛው ከረጢት ለተጨማሪ ምርመራ ይለይ ሲባል ይጠቅማል።

አዲስ_በለንደን

ለእንግሊዝ አንባቢዎች ብቻ፦ ከላይ ያለው የወባ ሕግ የአሜሪካ ነው፣ ወደ ዋትስአፕ ግሩፓችሁ እንዳታስተላልፉት። እዚህ ኤንኤችኤስ (የእንግሊዝ የመንግሥት ጤና አገልግሎት) ከወባ አገር ከተመለሱ ቢያንስ 4 ወር ቆይቶ የወባ አንቲቦዲ ምርመራ ያደርጋል፤ እዚያ የኖረም ሰው 3 ዓመት ጠብቅ አይባልም፣ ምርመራው ካለፈ ይሰጣል። ስለዚህ ቀጠሮ ስትይዙ የት እንደኖራችሁ በስልክ ንገሯቸው፤ ካልነገራችሁ የመጀመሪያው ቀን ለናሙና ብቻ ሊሆንባችሁ ይችላል። የጊዜ ልዩነቱም የራሱ ነው፦ ወንድ በየ12 ሳምንቱ፣ ሴት በየ16 ሳምንቱ። አፍሪካ ውስጥ የኖረ የፍቅር ጓደኛ አለህ ወይ የሚለው ጥያቄም በ2021 ቀርቷል፤ በሱ ተቀይማችሁ የቀራችሁ ካላችሁ ተመለሱ።